«ዌንት» ከየት መጣ? የእንግሊዝኛ እምቢተኛ ግሶች ታሪክ



በጅቡቲ ወደብ አካባቢ የሚውል ሰው በአንድ ቀን አምስት ስድስት ቋንቋ መስማቱ የተለመደ ነው። ሶማልኛና አፋርኛ የአገሬው ናቸው። ፈረንሳይኛና ዓረብኛ የመንግሥት ቋንቋዎች ናቸው። አማርኛ ደግሞ የኢትዮጵያን ጭነት ሊያነሱ በሚመጡ የከባድ መኪና ሾፌሮች ዘንድ ይሰማል። እንግሊዝኛ ከመርከቦቹ ጋር ይመጣል፤ እ.ኤ.አ. ከ2002 ወዲህ ደግሞ በካምፕ ለሞኒዬ የሰፈሩት አሜሪካኖች ይናገሩታል። ለስደተኛ ግን እንግሊዝኛ ከዚህም በላይ ነው፤ የፎርምና የቃለ መጠይቅ ቋንቋ ነው።

በክፍል ውስጥ ሁሌ የሚነሳ ጥያቄ አለ። «ዎክ» ሲያልፍ «ዎክድ» ከሆነ፣ «ጎ» ሲያልፍ ለምን «ጎድ» አይሆንም? «ዌንት»ን ማን አመጣው? ብዙ ጊዜ የምንሰጠው መልስ «ዝም ብለህ ሸምድድ» የሚል ነው። ሽምደዳው እንዳለ ሆኖ፣ ነገሩ ታሪክ አለው፤ ታሪኩን ያወቀ ተማሪ ደግሞ ይቀለዋል።

እንግሊዝኛን ወደ ብሪታንያ ደሴት ያመጡት በ5ኛው መቶ ዓመት ባሕር ተሻግረው የገቡት አንግሎችና ሳክሶኖች ናቸው። በነሱ ቋንቋ ብዙ ግሶች ያለፈ ጊዜን የሚያሳዩት በመካከል ያለውን አናባቢ በመለወጥ ነበር። ዛሬ «ሲንግ፣ ሳንግ፣ ሰንግ» ወይም «ድሪንክ፣ ድራንክ፣ ድረንክ» የምንለው የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። ይሄ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊሆን አይገባም። እኛም «ሰበረ፣ ይሰብራል፣ ስበር» ስንል ስ-ብ-ር ባሉበት ይቆያሉ፤ የሚለዋወጠው አናባቢው ነው።

ከነዚህ ጎን መጨረሻ ላይ «ድ» የሚጨምሩ ግሶች ነበሩ። ይሄ መንገድ ቀላል ስለሆነ እያደገ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ሲይዙ ከፈረንሳይኛ ብዙ ቃላት ገቡ፤ አዲስ የገቡት ግሶችም ከጥቂቶች በቀር በ«ድ» ተሰለፉ። «አራይቭ፣ አራይቭድ» አንዱ ነው። በጅቡቲ ፈረንሳይኛ የተማረ ልጅ «አሪቬ»ን ወዲያው ያውቃታል። «ካች» ግን ከፈረንሳይኛ መጥቶ ሳለ እንደ «ቲች፣ ቶት» ሆኖ «ኮት» አለ፤ እንግዳ ሆኖ ገብቶ የአገሬውን ጠባይ ያዘ ማለት ነው።

ታዲያ የቀሩት ለምን እምቢ አሉ? በሐርቫርድ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት በጥንታዊው እንግሊዝኛ የነበሩ 177 እምቢተኛ ግሶችን ተከታተሉ። በመካከለኛው ዘመን 145 ቀሩ፤ ዛሬ ያሉት 98 ናቸው። ምስጢሩ ምንድን ነው? አፍ ላይ የሚበዛ ግስ አይለወጥም፤ አልፎ አልፎ የሚነሳ ግስ ግን የድሮ መልኩ ይረሳና «ድ» ይጨመርበታል። «ሄልፕ» ድሮ «ሆልፕ» ይባል ነበር፤ ዛሬ «ሄልፕድ» ነው። «ቢ፣ ሃቭ፣ ዱ፣ ጎ፣ ሴይ፣ ሲ፣ ቴክ፣ ጌት» ግን በየደቂቃው ስለሚነገሩ አልተነኩም።

ወደ «ዌንት» እንመለስ። «ዌንት» የሌላ ግስ ንብረት ነበረ። «ዌንድ» የሚባል፣ መዞርና መጓዝ የሚል ትርጉም ያለው ግስ ነበር፤ «ሴንድ፣ ሴንት» እንደሚባለው «ዌንድ፣ ዌንት» ይባል ነበር። የ«ጎ» የራሱ ያለፈ ጊዜ ቀስ በቀስ ሲጠፋ በ15ኛው መቶ ዓመት አካባቢ «ዌንት» ቦታውን ጠቅልሎ ያዘ። ይሄን ሰምቶ የሚስቅ ተማሪ ካለ፣ ጓደኛውን ሲጠራ ምን እንደሚል ይጠየቅ። «መጣ» እንላለን፤ ስናዝ ግን «ምጣ» አንልም፤ «ና፣ ነይ፣ ኑ» ነው የምንለው። እንደዚሁም «ዛሬ ተማሪ ነው፣ ትናንት ተማሪ ነበረ፣ ነገ ተማሪ ይሆናል» ስንል ሦስት የተለያዩ ቃላት ተጠቀምን። እንግሊዝኛው «ኢዝ፣ ዎዝ፣ ቢ» ማለቱ ከኛ በምን ይለያል? እንዲያውም «ዎዝ» ከመነሻው «ቆየ፣ ኖረ» ማለት ነበር፤ የኛም «ነበረ» በግዕዝ «ተቀመጠ» ማለት ነው። «ወንበር» የመጣው ከዚያው ነው።

የመንገድ እንግሊዝኛስ? «ጎና» «ጎይንግ ቱ» በአፍ ሲፈጥን የሆነው ነው። እኛም «አላውቅም» ብለን ጽፈን «አላቅም» ብለን እናወራለን። «ኤይንት» ድሮ በትልልቅ ሰዎች ቤትም ይነገር ነበር፤ ኋላ ነው የሰዋስው መምህራን ያወገዙት። አሜሪካኖች የሚሉት «ጎትን»ም ስሕተት አይደለም፤ እንግሊዞች የተዉት የቆየ መልክ ነው። ስለዚህ ተማሪዎች ወደብ ላይ የሰሙትን አንነቅፍም። ሆኖም ፈተና ላይና ፎርም ላይ የሚጻፈው ሌላ ነው፤ ሁለቱንም ማወቅ፣ ቦታቸውንም መለየት ይገባል።

አንድ ነገር ግን ቀልድ አይደለም፤ እሱም የጊዜ አጠቃቀም ነው። «አይ ሊቭድ ኢን ጅቡቲ ፎር ቴን ይርስ» ያለ ሰው ለሚሰማው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ከጅቡቲ የወጣ ይመስላል። ዛሬም እዚሁ ያለ ሰው «አይ ሃቭ ሊቭድ» ማለት አለበት። አማርኛችን ይሄን ያውቃል፤ «አሥር ዓመት ኖርኩ» እና «አሥር ዓመት ኖሬአለሁ» አንድ አይደሉም። ፈረንሳይኛ የለመደ ደግሞ በተቃራኒው ይሳሳታል። «ዤ ማንዤ ዬር» በፈረንሳይኛ ልክ ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን «የስተርዴይ» ካለ «ሃቭ» አይገባም፤ «አይ ኤት የስተርዴይ» ነው የሚባለው። የሕይወት ታሪኩን ለሚያስረዳ ስደተኛ፣ መቼ ወጣ፣ የት ቆየ፣ አሁን የት አለ የሚለው በአንድ ግስ ላይ ሊንጠለጠል ይችላል።

መምህራን ይሄን በክፍል ሞክሩት። ተማሪዎች በቀን በቀን የሚጠቀሙባቸውን አሥር የአማርኛ ወይም የሶማልኛ ግሶች ይጻፉና የትኞቹ ከደንብ እንደሚያፈነግጡ ይፈልጉ። ከዚያ በኋላ «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ እንደ ቅጣት አያዩትም፤ እንደ አሮጌ ዘመድ ይቆጥሩታል።