ቀይ ክሎቨር፤ ከከብት መኖነት እስከ ግዛት ምልክትነት

ሕዝቦች መለያ የሚሆናቸውን አበባ ሲመርጡ ብዙውን ጊዜ በውበቱ ወይም በብርቅነቱ የታወቀውን ያስቀድማሉ። በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ የምትገኘው የቨርሞንት ግዛት ምክር ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ1894 የመረጠው የከብት መኖ የሆነውን ቀይ ክሎቨርን ነው። ተክሉ በኢትዮጵያ ደጋማ መስኮች የሚበቅለው የማገጥ የቅርብ ዘመድ ሲሆን፣ ለቨርሞንት ምድር ግን ባዕድ ነው፤ ያስገቡት ከአውሮፓ የፈለሱ ሰፋሪዎች ናቸው።

ምርጫው ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1840 ቨርሞንት ውስጥ ሦስት መቶ ሺህ የማይሞላ ሕዝብ ከ1.5 ሚሊዮን የሚበልጡ በጎች ያረባ ነበር። የሱፍ ዋጋ እየወደቀ ሲሄድ ገበሬው ፊቱን ወደ ወተት ላሞች አዞረ። ላም በረጅሙ የበረዶ ወራት ወተት እንድትሰጥ ገንቢ ድርቆሽ ያስፈልጋታል። ከሣር ጋር ተደባልቆ የሚዘራው ቀይ ክሎቨር ይህን ፍላጎት አሟላ።

ክሎቨር የተዘራበት ማሳ በሚቀጥለው ዓመት የተሻለ እህል እንደሚሰጥ ገበሬዎች ከብዙ ዘመን ጀምሮ ያውቁ ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ እንግሊዛዊው ሰር ሪቻርድ ዌስተን ይህንኑ ልማድ በፍላንደርስ ተመልክቶ ለአገሩ አስተዋውቋል። ምክንያቱ የታወቀው ግን ዘግይቶ ነው። ጀርመናዊው ሔርማን ሔልሪግል በ1886 የዚህ ዓይነት ተክሎች ከአየር ናይትሮጂን የሚያገኙት በሥራቸው ላይ ባሉት እባጮች አማካይነት መሆኑን ገለጸ። በ1888 ደግሞ ሆላንዳዊው ማርቲኑስ ቤየሪንክ በእባጮቹ ውስጥ የሚኖረውን ባክቴሪያ ለይቶ አወጣ። ይህም ማለት ማሳውን ያዳበረው ክሎቨር ብቻውን ሳይሆን፣ ከመሬት በታች ያለው የማይታይ ባልደረባው ጭምር ነው።

ከመሬት በላይም ሌላ ባልደረባ አለው። የቀይ ክሎቨር አበባ ቱቦ ረጅም በመሆኑ የተለመደችው የማር ንብ ምላስ ወደ ወለላው በቀላሉ አይደርስም፤ አበባውን በሚገባ የሚያራቡት ረጅም ምላስ ያላቸው ጠጕራም የዱር ንቦች ናቸው። ኒውዚላንድ ተክሉን ያለ እነዚህ ንቦች በማስገባቷ መስኩ ቢለመልምም በቂ ዘር አልሰጠም፤ ዘሩም ከውጭ ይገዛ ነበር። በ1885 ንቦቹ ከእንግሊዝ በመርከብ ተጭነው ከገቡና ከተራቡ በኋላ ክሎቨር እዚያው ዘር ማፍራት ጀመረ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ከእርሻ ያለፈ ነው። ከአንድ አገር ወደ ሌላው የሚዛወር ተክልም ሆነ መሣሪያ በሚታየው አካሉ ብቻ አይሠራም፤ ደግፈው የሚያቆሙት ነገሮች አብረው ካልተጓዙ ወይም በደረሰበት ቦታ ካልተገኙ ልፋቱ ከንቱ ይሆናል። መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው ኢልካ በ1980ዎቹ የኢትዮጵያን አገር በቀል የማገጥ ዝርያዎች ሰብስቦ ለመኖነት ማጥናቱም ከዚህ አንጻር ሲታይ ተገቢ እርምጃ ነበር። ማገጥ ንቡም፣ ባክቴሪያውም፣ አፈሩም በቦታው አሉለትና።