ሴሪየም የተቀላቀለበት ማግኔት፦ የሞተር ጥንካሬ በጥቃቅን ቅንጣቶች ድንበር ይወሰናል

አዲስ አበባ፦ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉን በጥር 2016 ዓ.ም ካሳወቀ ወዲህ፣ በልደታ ክፍለ ከተማ እንደ ጌጃ ሰፈር ባሉ ነባር መንደሮች ሳይቀር በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪና ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። በገጠሩም ውኃ ከጉድጓድ ስቦ ወደ ማሳ የሚያደርስ የፀሐይ ኃይል ፓምፕ እየተለመደ መጥቷል። የአብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖችና የብዙዎቹ የፀሐይ ፓምፖች ሞተር የሚዞረው በቋሚ ማግኔት ጉልበት ነው። ማግኔቱ ከምን እንደተሠራ ግን ሻጩም ገዥውም እምብዛም አይነጋገሩበትም። ሞተሩ ሙቀትን ችሎ ለዓመታት ማገልገሉ ወይም በአጭር ጊዜ መድከሙ ግን ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።

ዛሬ በዓለም ላይ ብርቱ የሚባለው ማግኔት ከኒዮዲሚየም፣ ከብረትና ከቦሮን የሚሠራ ነው። የጃፓኑ ማሳቶ ሳጋዋ እና የአሜሪካው ጆን ክሮት እ.ኤ.አ በ1984 ገደማ፣ እርስ በርስ ሳይገናኙ፣ በየፊናቸው ለዓለም አስተዋወቁት። በሀገራችንም ሥራ ላይ ይገኛል። እ.ኤ.አ በ2012 የተጠናቀቀው የአዳማ አንድ የነፋስ ኃይል ማመንጫ 34 ተርባይኖች፣ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋዋት የሚያመነጩት፣ ጥርስ ማርሽ ሳያስፈልጋቸው በቋሚ ማግኔት የሚሠሩ ናቸው። በዚህ ዓይነት ተርባይን ለአንድ ሜጋዋት ከግማሽ ቶን በላይ ማግኔት እንደሚያስፈልግ ይገመታል።

ኒዮዲሚየም ውድ ነው። ሴሪየም ደግሞ ርካሽ ነው፤ ሁለቱም የሚወጡት ከአንድ ማዕድን ነው። «ብርቅዬ የምድር ንጥረ ነገሮች» የሚለው የወል ስም ያሳስታል እንጂ፣ ሴሪየም በምድር ቅርፊት ውስጥ ከመዳብ ጋር የሚቀራረብ ብዛት አለው። ለኒዮዲሚየም ተብሎ በተቆፈረ ቁጥር ከእርሱ የበለጠ ሴሪየም አብሮ ይወጣና ገዥ አጥቶ ይከማቻል። ገብሱን ሽጦ ገለባውን የት ላድርገው እንደሚል ገበሬ፣ አምራቾችም ይህን ትርፍ ምን እናድርገው ብለው ነው ወደ ማግኔቱ ቅይጥ ያስገቡት።

ችግሩ ሴሪየም የኒዮዲሚየምን ያህል ጉልበት የሌለው መሆኑ ነው። በኒዮዲሚየም ብቻ የተሠራው ውህድ ማግኔትነቱን ጨርሶ የሚያጣው በ312 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሆን፣ በሴሪየም ብቻ የተሠራው ግን 151 ዲግሪ ገደማ ላይ ያጣዋል። ለተቃራኒ ኃይል ያለው የመቋቋም አቅምም ከግማሽ በታች ነው። ምክንያቱ ሴሪየም የማግኔቱን አቅጣጫ አጽንቶ መያዝ የነበረበትን ኤሌክትሮን ከብረቱ ጋር ለሚያደርገው ትስስር ስለሚያውለው ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ሴሪየም ያለበት ማግኔት ሁሉ ደካማ ነው ማለት አይደለም። ልዩነቱን የሚያመጣው በዓይን የማይታየው ውስጣዊ አሠራሩ ነው። ማግኔት ሲሠራ ቅይጡ ይፈጭና በማግኔት መስክ ውስጥ ተሰልፎ ይታመቃል፤ ከዚያም ከ1000 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ይጋገራል። ውጤቱ እርስ በርስ የተጣበቁ ቅንጣቶች ክምችት ነው። አንድ ቅንጣት አምስት ማይክሮሜትር ያህል ነው፤ አንድ ሚሊሜትር በሚያህል የጤፍ ፍሬ ርዝመት ላይ ሁለት መቶ ያህሉ ይደረደራሉ። በቅንጣቶቹ መካከል በኒዮዲሚየም የበለጸገ፣ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ የሚወፍር ስስ ድንበር አለ።

ይህን ድንበር በማሳዎች መካከል እንደሚተው የእሳት መከላከያ መሬት ማየት ይቻላል። አንዱ ቅንጣት በሙቀት ወይም በተቃራኒ ኃይል ተሸንፎ አቅጣጫውን ቢገለብጥ፣ ድንበሩ ደህና ከሆነ ሽንፈቱ እዚያው ይቀራል፤ ድንበሩ ከተቆራረጠ ግን ወደ ጎረቤቱ ይዛመታል። ሴሪየም ሲበዛ ከብረት ጋር ሌላ ውህድ ይፈጥራል፤ ይህ ውህድ በተራ የአየር ሙቀት ማግኔትነት የለውም፤ በቅንጣቶቹ ማዕዘን ላይም እየተቋጠረ ይቀራል። መጠኑ ሲበዛ ማግኔቱ ጉልበት ያጣል።

መፍትሔውም የተፈለገው ከዚሁ ድንበር ነው። አንዱ ዘዴ ሴሪየም ያለበትንና የሌለበትን ዱቄት ለየብቻ አዘጋጅቶ ቀላቅሎ መጋገር ነው። በአግባቡ ሲጋገር በሴሪየም የበለጸገው ክፍል በቅንጣቱ ውስጥ ይቀርና፣ ሽንፈት የሚጀምርበትን የቅንጣቱን ቆዳ ኒዮዲሚየሙ ይሸፍነዋል። ውዱን ንጥረ ነገር በሁሉም ቦታ ከመበተን ጥበቃ በሚያስፈልገው ቦታ ማኖር ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ በየካቲት 2018 ይፋ ያደረገው ማግኔትም በዚሁ ሐሳብ ላይ ያረፈ ነው። ኩባንያው ቅንጣቶቹን ከተለመዱት ወደ አንድ አሥረኛ ወይም ከዚያ በታች አሳንሶ፣ ቆዳቸውን በኒዮዲሚየም አበልጽጎ፣ ውስጣቸው ላይ ላንታነምና ሴሪየምን በአንድ ለሦስት ምጣኔ በመተካት የኒዮዲሚየሙን መጠን እስከ ግማሽ ለመቀነስ መቻሉን አስታውቋል።

እንግዲህ ገዥ ሊጠይቅ የሚገባው ማግኔቱ ሴሪየም አለው ወይስ የለውም ከሚለው ይልቅ እስከ ስንት ዲግሪ ይችላል የሚለውን ነው። በንግዱ ዓለም የማግኔት ደረጃ ከቁጥሩ ቀጥሎ በፊደል ይገለጻል፦ ፊደል የሌለው እስከ 80፣ «ኤም» እስከ 100፣ «ኤች» እስከ 120፣ «ኤስኤች» እስከ 150 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ያገለግላል። ይህ በሞተሩ ሰሌዳ ላይ ላይጻፍ ስለሚችል ሻጩን በጽሑፍ ማረጋገጫ መጠየቅ ይበጃል፤ መልስ የሌለው ሻጭም ራሱ አንድ መልስ ነው።

ጉድጓድ ውስጥ የሚገባ ፓምፕ የሚቀዘቅዘው በሚስበው ውኃ ነው። ውኃው በበጋ ሲሸሽ ፓምፑ በደረቁ ከዞረ ሙቀቱ በፍጥነት ይንራል፤ ከሚችለው በላይ የሞቀ ማግኔት ደግሞ ሲቀዘቅዝ የቀድሞ ጉልበቱን ሙሉ በሙሉ አይመልስም። ሞተሩ ይዞራል፣ ውኃው ግን ያንሳል። ስለዚህ ውኃ ሲጎድል ፓምፑን በራሱ የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ መግጠም፣ ከመሬት በላይ የሚቀመጥ ሞተር ከሆነም ነፋስ የሚያገኝ ጥላ ማበጀት ያስፈልጋል።