ትንንሽ ልጆችን በባሕር ዳርቻ ከመስጠም አደጋ መጠበቅ፦ የወላጆች ኃላፊነት

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ትንንሽ ልጆችን ይዘው በእስራኤል ወደሚገኙ የባሕር ዳርቻዎች ለሚሄዱ ወላጆች፣ አያቶችና ሌሎች ተንከባካቢዎች ነው። በውሃ መስጠም ምን እንደሆነ፣ ልጁን መጠበቅ የማን ኃላፊነት እንደሆነ፣ አደጋው እንዴት እንደሚከላከሉትና ከደረሰ ምን ማድረግ እንዳለብዎት ያብራራል።

ዋና ዋና ነጥቦች

• ትንሽ ልጅ ሲሰጥም አብዛኛውን ጊዜ አይጮኽም። ድምፅ እስኪሰሙ ድረስ አይጠብቁ።
• ልጁ ውሃ ውስጥ ወይም ውሃ አጠገብ ሲሆን አንድ አዋቂ እጁን ዘርግቶ ሊይዘው በሚችልበት ርቀት ላይ መሆን አለበት።
• ነፍስ አድን ሠራተኛው (በዕብራይስጥ ማጺል) የወላጅን ቦታ አይተካም።
• ነፍስ አድን ሠራተኛ በሌለበት ዳርቻ ወይም ከሥራ ሰዓቱ ውጭ ልጅን ወደ ባሕር አያስገቡ።
• በአደጋ ጊዜ ለአምቡላንስ ወደ 101 (ማዳ) ይደውሉ።

በውሃ መስጠም ምንድን ነው?

በውሃ መስጠም ማለት አፍና አፍንጫ በውሃ ተሸፍነው መተንፈስ ሲያቅት ማለት ነው። አየር ሲቋረጥ በመጀመሪያ የሚጎዳው አንጎል ነው። ልጁ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ይስታል፤ ከዚያም ልቡ ሊቆም ይችላል። ከሞት የተረፈ ልጅም ቢሆን አየር ያጣበት ጊዜ ረጅም ከሆነ ዘላቂ የአንጎል ጉዳት ሊደርስበት ይችላል።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2021 በዓለም ዙሪያ ወደ 300,000 የሚጠጉ ሰዎች በውሃ ሰጥመው ሞተዋል። ከእነዚህም ሩብ ያህሉ ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው።

ትንንሽ ልጆች ለምን ይበልጥ ይጋለጣሉ?

የትንሽ ልጅ ጭንቅላት ከቀሪው አካሉ ጋር ሲነጻጸር ከባድ ነው። ስለዚህ በቀላሉ ወደ ፊት ይደፋል፤ ፊቱ ውሃ ውስጥ ከገባ በኋላ ቀና ለማለት ጉልበት ያጣል። ለአዋቂ ቁርጭምጭሚት የማያልፍ ውሃ ለሕፃን ሊያሰጥም የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። በተጨማሪም በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ አደጋን አያመዛዝንም። ኳሱ ወደ ማዕበሉ ከተንከባለለ ተከትሎት ይሮጣል። ትናንት “አትግባ” መባሉን ዛሬ ላያስታውሰው ይችላል።

ባሕር ደግሞ እንደ መዋኛ ገንዳ ባለበት የሚቆም ውሃ አይደለም። ማዕበል ሲመለስ ከልጁ እግር ሥር ያለውን አሸዋ ይዞ ይሄድና ልጁን ይጥለዋል። በአንዳንድ ቦታዎች ውሃው በጠባብ መስመር ከዳርቻው ወደ ባሕሩ ውስጥ በኃይል ይፈስሳል። ይህ ፍሰት ጎበዝ ዋናተኛን እንኳ ሊወስድ ይችላል። በተለይ ማዕበል ለመከላከል በተሠሩ የድንጋይ ግድግዳዎች አጠገብ አደገኛ ስለሆነ ልጆችን ከዚያ ያርቁ።

የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ውሃ ውስጥ ሕመሙ ሊነሳበት ስለሚችል የተለየ ጥበቃ ያስፈልገዋል። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ደግሞ ወደ ውሃ ይሳባሉ፤ ሳይታዩም ከቤተሰብ ሊርቁ ይችላሉ። ልጅዎ እንዲህ ያለ የጤና ሁኔታ ካለው ወደ ባሕር ከመሄድዎ በፊት ሐኪሙን ያማክሩ።

ልጁን የሚጠብቀው ማን ነው?

ኃላፊነቱ የወላጅ ወይም ወላጁ ልጁን በግልጽ ያስረከበው አዋቂ ነው። ነፍስ አድን ሠራተኛው በአንድ ጊዜ በርካታ ሰዎችን ከሩቅ ይመለከታል። ሥራው በችግር ላይ ያለውን ሰው ማዳንና ስለ አደጋ ማስጠንቀቅ እንጂ የእያንዳንዱን ሕፃን እርምጃ መከታተል አይደለም።

የ8 ወይም የ10 ዓመት ታላቅ እህት ወይም ወንድምም ጠባቂ ሊሆን አይችልም። ታናናሾችን ለታላቅ ልጅ አደራ መስጠት በቤት ውስጥ የተለመደ ቢሆንም በባሕር ዳርቻ ግን ሁለቱንም ልጆች ለአደጋ ያጋልጣል። ታላቁ ታናሹን ለማውጣት ሲል አብሮ ሊሰጥም ይችላል።

ብዙ ዘመድ በአንድነት ሲሄድም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ምግቡ ሲቀርብ፣ ቡናው ሲፈላና ጨዋታው ሲደራ እናት ልጁ ከአባቱ ጋር ያለ ይመስላታል፤ አባት ደግሞ ከአያቱ ጋር ያለ ይመስለዋል። በዚህ መሀል ልጁን የሚያይ አንድም ሰው ላይኖር ይችላል። መፍትሔው ተራ መግባት ነው፦

• ለተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ ለ15 ደቂቃ፣ አንድ አዋቂ ብቻ ጠባቂ ይሁን።
• ጠባቂው ስልክ አይነካም፣ አያነብም፣ የአልኮል መጠጥ አይጠጣም፣ ሌላ ሥራ አይሠራም።
• ተራው ሲያልቅ “አሁን አንተ ነህ የምትጠብቀው” ብሎ በቃል ያስረክባል። ተረካቢውም “እሺ፣ ተረክቤአለሁ” ይበል።
• መጸዳጃ ቤት መሄድ ካስፈለገና የሚያስረክቡት ሰው ከሌለ ልጁን ይዘው ይሂዱ።

በእስራኤል ይህ የሕግ ጉዳይም ነው። በ1977 የወንጀል ሕግ አንቀጽ 361 መሠረት 6 ዓመት ያልሞላውን ልጅ ያለ ተገቢ ጥበቃ ትቶ ሕይወቱን ለአደጋ ማጋለጥ በእስራት ያስቀጣል። ድርጊቱ በቸልተኝነት የተፈጸመ ቢሆንም ቅጣት አለው።

ወላጁ ራሱ ዋና የማይችል ከሆነ

ከባሕር ርቀው በደጋ አገር ያደጉ ብዙ ወላጆች ዋና አልተማሩም። ይህ ልጆችን ወደ ባሕር ከመውሰድ አያግድም፤ በሚከተሉት ነገሮች ግን ሊጠነቀቁ ይገባል፦

• ሁልጊዜ ነፍስ አድን ሠራተኛ ወዳለበት ዳርቻ ይሂዱ፤ ከጣቢያው ፊት ለፊትም ይቀመጡ።
• ከልጁ ጋር ውሃው ከጉልበትዎ በታች በሆነበት ቦታ ብቻ ይቁሙ።
• ዋና የሚችል ዘመድ አብሮዎት ቢሄድ ይመረጣል።
• ልጅዎን ዋና ያስተምሩ። የዋና ትምህርት ከ1 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ የመስጠም አደጋን ሊቀንስ ይችላል፤ አብዛኞቹ ልጆች በ4 ዓመታቸው ለመማር ዝግጁ ናቸው። ይሁን እንጂ ዋና የተማረ ትንሽ ልጅም ያለ ጠባቂ መተው የለበትም።

የባንዲራዎቹ ትርጉም

በነፍስ አድን ጣቢያው ላይ የሚሰቀለውን ባንዲራ ቀለም ገና ሲደርሱ ይመልከቱ፦

• ነጭ ባንዲራ፦ ባሕሩ የተረጋጋ ነው፤ መዋኘት ይቻላል።
• ቀይ ባንዲራ፦ መዋኘት አደገኛ ነው። ትንንሽ ልጆችን ወደ ውሃው አያስገቡ።
• ጥቁር ባንዲራ፦ መዋኘት ክልክል ነው።

ነጭ ባንዲራ ቢሰቀልም ልጁን በቅርብ መጠበቅ ግዴታ ነው። ነፍስ አድን ሠራተኛው በድምፅ ማጉያ የሚናገረው በዕብራይስጥ ስለሆነ ካልገባዎት በአቅራቢያዎ ያለ ሰው ይጠይቁ።

መንሳፈፊያዎችና ጎማዎች

በአየር የሚነፉ የክንድ መንሳፈፊያዎች፣ ጎማዎችና ፍራሾች መጫወቻ እንጂ ሕይወት ማዳኛ አይደሉም። ሊተነፍሱ፣ ከልጁ ሊወልቁ ወይም ሊገለበጡ ይችላሉ። ነፋስ ከየብስ ወደ ባሕር ሲነፍስ ደግሞ ልጁን ይዘው በፍጥነት ይርቃሉ። መንሳፈፊያ ከፈለጉ ለልጁ ክብደት የተሠራና በደንብ የሚታሰር የሕይወት አድን ሰደርያ ይምረጡ። እሱም ቢሆን የአዋቂን ጥበቃ አይተካም።

ልጅ እየሰጠመ መሆኑ እንዴት ይታወቃል?

ብዙ ሰው የሚሰጥም ልጅ እጁን እያወዛወዘ የሚጣራ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን እንዲህ አይደለም። ልጁ ትንፋሽ ስለሌለው መጮኽ አይችልም፤ እጆቹም ውሃውን ወደ ታች ለመጫን ስለሚሞክሩ ለምልክት አያነሳቸውም። የሚከተሉትን ካዩ ወዲያውኑ ያውጡት፦

• ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ አፉ በውሃው ልክ ሲሆን
• ዓይኑ ሲፈዝ ወይም ፀጉሩ ፊቱን ሸፍኖት ሳያነሳው ሲቀር
• እግሩን ሳያንቀሳቅስ ቀጥ ብሎ ውሃ ውስጥ ሲቆም
• ሲጠሩት ሳይመልስ ሲቀር
• ሲጫወትና ሲንጫጫ የነበረ ልጅ በድንገት ዝም ሲል

ልጅ ከዓይን ከጠፋ

በመጀመሪያ የሚፈለገው ውሃው ነው። ወዲያውኑ ለነፍስ አድን ሠራተኛው የልጁን ዕድሜና የልብሱን ቀለም ይንገሩ። አንድ ሰው ልጁ ከተመለሰ እንዲያገኘው በተቀመጡበት ቦታ ይቆይ። ደማቅ ቀለም ያለው የዋና ልብስ ማልበስና የእርስዎን ስልክ ቁጥር የያዘ አምባር ማሰር ፍለጋውን ያቀላል።

ልጅ ከሰጠመ ምን ይደረጋል?

1. ነፍስ አድን ሠራተኛውን ይጥሩ። ሌላ ሰው ወደ 101 እንዲደውል ያድርጉ። ብቻዎን ከሆኑ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከፍተው ይደውሉ፤ የማዳ ሠራተኛ ምን ማድረግ እንዳለብዎት ይነግርዎታል።

2. ዋና የማይችሉ ከሆነ ጥልቅ ውሃ ውስጥ አይግቡ። የሚንሳፈፍ ነገር ይወርውሩ ወይም ረጅም ነገር ያቀብሉ። ልጅ ለማዳን ገብተው የሚሰጥሙ ወላጆች አሉ።

3. ልጁን ካወጡ በኋላ በጀርባው ያስተኙት። ጠርተውና ነካክተው ካልመለሰ፣ በትክክል የማይተነፍስም ከሆነ፣ ጭንቅላቱን በትንሹ ወደ ኋላ አድርገው አገጩን ያንሱ። የሕፃን ጭንቅላት ግን ቀጥ ብሎ ይሁን።

4. አምስት ጊዜ ትንፋሽ ይስጡት። ለትልቅ ልጅ አፍንጫውን ይዘው በአፉ ይንፉ፤ ከ1 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን አፉንና አፍንጫውን በአንድነት በአፍዎ ሸፍነው ይንፉ። ደረቱ ከፍ ሲል ማየት አለብዎት።

5. አሁንም ካልተንቀሳቀሰና ካልተነፈሰ የደረቱን መሀል 30 ጊዜ ይጫኑ፤ ከዚያ ሁለት ጊዜ ትንፋሽ ይስጡ። የመጫኑ ጥልቀት የደረቱ ውፍረት አንድ ሦስተኛ፣ ፍጥነቱም በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ይሁን። ለሕፃን ደረቱን በሁለት እጅ አቅፈው በሁለቱ አውራ ጣቶች፣ ለትልቅ ልጅ በአንድ እጅ መዳፍ ይጫኑ። ልጁ መተንፈስ እስኪጀምር ወይም የሕክምና ቡድን እስኪደርስ አያቋርጡ።

6. ካስመለሰው ወደ ጎን ያዙሩት፣ አፉን ያጽዱና ይቀጥሉ።

ውሃ ለማስወጣት ብለው ሆዱን አይጫኑ፤ ዘቅዝቀውም አይያዙት። ይህ አይጠቅምም፤ ውድ የሆነውን ጊዜ ያባክናል፤ የሆድ ውስጥ ነገርም ወደ ሳንባ እንዲገባ ሊያደርግ ይችላል።

ልጁ ከውሃ ከወጣ በኋላ

ትንፋሽ የተሰጠው ወይም ራሱን ስቶ የነበረ ልጅ ደህና ቢመስልም ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። ውሃ ገብቶበት የነበረ ልጅ በሚቀጥሉት ሰዓታት የማያቋርጥ ሳል፣ ፈጣን ወይም ከባድ አተነፋፈስ፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ ያልተለመደ እንቅልፍና ድካም ወይም የከንፈር መጥቆር ከታየበት ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል (ሚዩን) ይውሰዱት።

ሌሎች አደጋዎች

ፀሐይና ሙቀት፦ ጥቁር ቆዳ በፀሐይ የመቃጠል አደጋን ቢቀንስም አያስቀረውም፤ ከሙቀትና ከውሃ ጥም ደግሞ አይከላከልም። ከ6 ወር በታች ያለን ሕፃን ቀጥተኛ ፀሐይ አያስነኩ። ለሌሎች ልጆች ባርኔጣና መከላከያ ቁጥሩ ቢያንስ 30 የሆነ የፀሐይ ክሬም ይጠቀሙ፤ ክሬሙን በየ2 ሰዓቱና ከውሃ ሲወጡ ይድገሙ። በተለይ ከቀኑ 10፡00 እስከ 16፡00 ባለው ጊዜ ጥላ ሥር ይሁኑ። ውሃ ቶሎ ቶሎ ያጠጡ።

ሜዱዛ፦ በሜዲትራኒያን ዳርቻዎች በተለይ በጁንና በጁላይ ወራት የሚበዛ፣ ሲነካ የሚያቃጥል የባሕር እንስሳ ነው። የተነካውን ቦታ በባሕር ውሃ ይጠቡ። አይሹት፤ የቧንቧ ውሃ፣ አልኮል ወይም ኮምጣጤም አይጠቀሙ። ልጁ ለመተንፈስ ከተቸገረ፣ ፊቱ ካበጠ ወይም ዓይኑ ከተነካ ሕክምና ያስፈልገዋል።

የአሸዋ ጉድጓድ፦ ጥልቅ ጉድጓድ በልጁ ላይ ሊናድ ይችላል። ከልጁ ጉልበት ጥልቀት በላይ እንዲቆፈር አይፍቀዱ።

ሙት ባሕር፦ ከውሃው 30 በመቶ በላይ የሚሆነው ጨው ነው። ሰው በቀላሉ ስለሚንሳፈፍ አደጋ የሌለው ይመስላል። ነገር ግን ሰውነት ሚዛኑን ስቶ በፊት ከተደፋ ቀና ማለት ያስቸግራል፤ ጥቂት ውሃ መዋጥ ወይም ወደ ሳንባ ማስገባትም በደም ውስጥ ያሉ ጨዎችን ሊያዛባና ሳንባን ሊጎዳ ይችላል። ከዚህ ውሃ የዋጠ ልጅ በሆስፒታል መታየት አለበት።

ምክር ከማን ማግኘት ይቻላል?

ስለ ልጅዎ ደህንነት የጢፓት ሐላቭ ነርስን ወይም በኩፓት ሖሊም የልጅዎን ሐኪም ይጠይቁ። ትንሽ ልጅ ያለው ቤተሰብ ሁሉ የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ኮርስ ቢወስድ ይመከራል። ትንፋሽ መስጠትንና ደረት መጫንን በአሻንጉሊት የተለማመደ ወላጅ በአደጋ ጊዜ እጁ አይታሰርም። ወደ ባሕር ከመነሳትዎ በፊት ደግሞ ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ጥያቄ ላይ ይስማሙ፦ ዛሬ ልጁን በመጀመሪያ የሚጠብቀው ማን ነው?