የጥርስ ኢምፕላንት

የጥርስ ኢምፕላንት ጥርስ በወለቀበት ወይም በተነቀለበት ቦታ መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከልና የጥርስ ሥርን ተክቶ የሚያገለግል ሰው ሠራሽ ብሎን ነው። በአብዛኛው ከቲታኒየም ይሠራል፤ ከዚርኮኒያ ሴራሚክ የሚሠራም አለ። አንድ ጥርስ፣ ጎን ለጎን ያሉ ጥቂት ጥርሶችን ወይም የአንድን መንጋጋ ጥርሶች በሙሉ ለመተካት ያገለግላል።

ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1931 ሆንዱራስ ውስጥ በማያ ሥልጣኔ ዘመን የኖረ ሰው የታችኛው መንጋጋ በቁፋሮ ተገኘ። በፊት ጥርሶቹ ቦታ የጥርስ ቅርጽ የወጣላቸው የዛጎል ቁርጥራጮች ገብተውበት ነበር። በ1970 የተደረገ የራጅ ምርመራ በዛጎሎቹ ዙሪያ አጥንት ማደጉን አሳየ፤ ይህም ሰውየው በሕይወት ሳለ መተከላቸውን ያመለክታል።

ለዘመናዊው ሕክምና መሠረት የጣለው ስዊድናዊው ሐኪም ፔር-ኢንግቫር ብሮኔማርክ ነው። በ1950ዎቹ በሉንድ ዩኒቨርሲቲ በአጥንት ውስጥ ያለውን የደም ዝውውር ለማጥናት በጥንቸሎች እግር አጥንት ውስጥ የቲታኒየም መሣሪያ አስገብቶ ነበር። ጥናቱ ሲያበቃ ግን መሣሪያውን ማውጣት አልቻለም፤ አጥንቱ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ነበር። ለዚህ ክስተት ኋላ ላይ ኦሲዮኢንተግሬሽን የሚል ስያሜ ሰጠው። በ1965 በጎተንበርግ የብሮኔማርክ ኢምፕላንት የተተከለለት የመጀመሪያው ታካሚ በ2006 እስኪሞት ድረስ ተጠቅሞበታል። ለዓመታት በጥርጣሬ ሲታይ የቆየው ሐሳብ በ1982 በካናዳ ቶሮንቶ ከተካሄደው ጉባኤ በኋላ በሰሜን አሜሪካ ሐኪሞች ዘንድ ሰፊ ተቀባይነት አገኘ።

አሠራር

ኢምፕላንት ሦስት ክፍሎች አሉት፤ አጥንት ውስጥ የሚቀበረው ብሎን፣ ከድድ በላይ ብቅ የሚለው ማያያዣና በእሱ ላይ የሚገጠመው ክራውን የሚባለው ሰው ሠራሽ ጥርስ ናቸው። ከተከላው በፊት የአጥንቱ ቁመትና ስፋት በራጅ ወይም በሲቲ ስካን ይለካል። አጥንቱ ከሳሳ ቀድሞ አጥንት መጨመር ሊያስፈልግ ይችላል።

ተከላው ብዙውን ጊዜ በአካባቢ ማደንዘዣ ይከናወናል። ሐኪሙ ድዱን ከፍቶ አጥንቱን ከቀጭን ወደ ወፍራም በሚሄዱ መሰርሰሪያዎች ይበሳል፤ አጥንቱ እንዳይግል ቀዝቃዛ የጨው ውሃ ይፈስበታል። ለ1 ደቂቃ ያህል እስከ 47 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የጋለ አጥንት ሊጎዳ ይችላል፤ የተጎዳ አጥንት ደግሞ ብሎኑን አይዝም። በተለመደው አሠራር ብሎኑ እስኪጸና ለታችኛው መንጋጋ 3 ወር፣ አጥንቱ ላላ ለሚለው ለላይኛው 6 ወር ይጠበቅ ነበር። ዛሬ ጊዜው አጥሯል፤ ሁኔታው ሲፈቅድም ጊዜያዊ ጥርስ በተከላው ቀን ይገጠማል።

ጥቅምና ገደብ

ብሪጅ የሚባለውን በአጎራባች ጥርሶች ላይ የሚደገፍ ሰው ሠራሽ ጥርስ ለማሠራት እነዚህ ጥርሶች ይሞረዳሉ፤ ኢምፕላንት ግን ራሱን ችሎ ይቆማል። ጥርስ ሲወልቅ ቀስ በቀስ የሚሟሟውን አጥንትም ለማቆየት ይረዳል። ሆኖም የተፈጥሮ ጥርስን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘውና የማኘክ ጫናን የሚያበርደው ሕብረ ሕዋስ የለውም። በመሆኑም የማኘክ ኃይል ሁሉ በቀጥታ አጥንቱ ላይ ያርፋል።

መንጋጋቸው ማደግ ላላቆመ ልጆች አይተከልም። ሲጋራ ማጨስ፣ ቁጥጥር የሌለው የስኳር ሕመምና ቀደም ሲል በመንጋጋ ላይ የተሰጠ የጨረር ሕክምና ተከላው ያለመሳካቱን ዕድል ይጨምራሉ። አጥንትን ለማጠንከር የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ይህን አስቀድሞ ለሐኪሙ መንገር አለበት። በታችኛው መንጋጋ የሚያልፈው ነርቭ ከተነካ ከንፈርና አገጭ ሊደነዝዙ ይችላሉ።

ክብካቤ

በአግባቡ ከተተከሉ ኢምፕላንቶች መካከል ከ10ሩ 9 የሚሆኑት ከ10 ዓመት በኋላም በቦታቸው እንደሚገኙ ጥናቶች ያመለክታሉ። ኢምፕላንት እንደ ጥርስ አይበሰብስም፤ በዙሪያው ያሉት ድድና አጥንት ግን ሊመረቅዙ ይችላሉ። ይህ ፔሪኢምፕላንታይተስ የሚባለው ሕመም አጥንቱን ሸርሽሮ ብሎኑን ሊያነቃንቅ ይችላል። ስለዚህ በየዕለቱ መቦረሽ፣ በጥርሶች መካከል ያለውን ቆሻሻ ማጽዳትና በየጊዜው በጥርስ ሐኪም መታየት ከተከላው በኋላ የሚቀጥል የሕክምናው አካል ነው።