የአባት ስም በእንግሊዝኛ አጻጻፍ፤ ከአብደል ናስር እስከ ተክለ ሃይማኖት

የሰው ስም ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲዛወር ፊደሉ ብቻ ሳይሆን የሚያመለክተው ዝምድናም አብሮ ይፈተናል። በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ቋንቋ በመሆኑ፣ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ የሚማር ወጣት የገዛ አገሩን ታላላቅ ሰዎች ስም በባዕድ ልማድ ተሰናድቶ ያገኘዋል። ስለዚህ ጉዳዩ የታሪክ መምህሩንም የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጁንም የሚመለከት ነው።

በእንግሊዞች ልማድ የመጨረሻው ስም ከአያት ቅድመ አያት የሚወረስ የቤተሰብ ስም ነው። ማዕረግ የሚቀጸለው፣ የመጻሕፍት ማውጫም የሚደረደረው በዚሁ ስም ነው። ይህ ልማድ የቤተሰብ ስም በሌለው ሕዝብ ላይ ሲጫን የሚያስከትለውን ስሕተት ለማየት በመጀመሪያ የዐረቡን ዓለም መመልከት ይጠቅማል።

በሐምሌ 1948 ዓ.ም. የስዊዝን ቦይ የመንግሥት ንብረት ያደረጉት የግብፅ መሪ ጋማል አብደል ናስር በእንግሊዝኛ ጽሑፍ «ናስር» ተብለው ቀርተዋል፤ የፖለቲካ መርሐቸውም በዚሁ ቃል ተሰይሟል። ነገር ግን አብደል ናስር የአባታቸው ስም ሲሆን፣ «አብድ» ማለት አገልጋይ፣ «አል ናሲር» ማለትም ረዳትና ድል ሰጪ የሆነው አምላክ ማለት ነው። አገልጋይ የሚለው ቃል ተቆርጦ ሲወድቅ የሚቀረው የሰውዬው ሳይሆን የፈጣሪ መጠሪያ ነው። በዐረብኛ ግን ስሙ ሳይከፈል ይጠራል።

የኢራቁ ሳዳም ሑሴንም ስም እንዲሁ አከራካሪ ነበር። ሑሴን የአባታቸው ስም በመሆኑ ከእንግሊዝኛ ጋዜጦች ገሚሶቹ «ሳዳም»፣ ገሚሶቹ ደግሞ «ሚስተር ሑሴን» እያሉ ይጽፉ ነበር። በአንጻሩ በሶርያ አል አሳድ የሚለው እውነተኛ የቤተሰብ ስም በመሆኑ ከሐፌዝ ወደ ልጃቸው ወደ በሽር ተላልፏል። እንግዲህ የመጨረሻውን ቃል ሁሉ የቤተሰብ ስም አድርጎ መውሰድ አንዱን ቢያስማማ ሌላውን ያዛባል።

የኢትዮጵያ ስም ከአብደል ናስር ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። የግዕዙ «ገብረ» የዐረብኛውን «አብድ» ትርጉም ይዞ ከሚቀጥለው ቃል ጋር በመናበብ አንድ ስም ይሆናል። ኃይለ ሥላሴ የሥላሴ ኃይል ማለት ሲሆን፣ ብዙ የእንግሊዝኛ ጸሐፊዎች ግን ንጉሠ ነገሥቱን «ሥላሴ» ብለው ጠርተዋቸዋል። በጎጃምም ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሲነግሡ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለዋል። «ሃይማኖት» የቤተሰብ ስም መስሎት የሚያነብ ተማሪ ልጃቸውን ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትን፣ የደብረ ሊባኖሱን ጻድቅና በዚሁ ስም የነገሡትን የጎንደር ነገሥታት ሁሉ ከአንድ ዘር ሊቆጥራቸው ይችላል። ፍኖተ ሰላም ራሱ የሰላም መንገድ ማለት ነው። ከተማውን «ሰላም» ብሎ በግማሽ ስሙ የሚጠራ የአገር ሰው እንደማይኖር ሁሉ፣ ተክለ ሃይማኖትንም ከፍሎ መጥራት አይገባም።

የስም አጠራር የክብርም ጉዳይ ነው። በጎጃም ገጠር ማዕረግ የሚቀጸለው ከራስ ስም ጋር ነው። ጣሊያንን በዱር በገደል የተዋጋው አርበኛ ደጃዝማች በላይ፣ በፈረሱም ስም አባ ኮስትር፣ ይባላል። በእንግሊዝኛ ልማድ «ደጃዝማች ዘለቀ» ቢባል ግን ማዕረጉ ለአባቱ ተሰጠ፤ የልጁም ተጋድሎ ለሌላ ሰው ተጻፈ ማለት ነው።

የቦታ ስምም ከዚህ ችግር አላመለጠም። በ1933 ዓ.ም. አርበኞችና የእንግሊዝ ጦር በጎጃም ያደረጉትን ዘመቻ የሚተርኩ መጻሕፍት ቡሬን ከአሁኑ በተለየ የላቲን ፊደል አጻጻፍ ስላሰፈሩት፣ ማውጫ የሚያገላብጥ ተማሪ የተወለደበትን ከተማ ሳያገኝ ሊያልፍ ይችላል።

ሕግ አውጪዎችም ነገሩን አስበውበታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም፣ የግል ስምና የአባት ስም እንዲኖረው ይደነግጋል። ይሁን እንጂ ሕዝቡ የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም እያስከተለ መጠራቱን አልተወም። በውጭ አገር የሚኖር ቤተሰብ ቅጽ ሲሞላ የአባትና የልጅ የመጨረሻ ስም የማይገጥመውና የዝምድና ማስረጃ የሚጠየቀው በዚሁ ምክንያት ነው።

ልማዱን ማስከበር ግን ይቻላል። በሐምቡርግ የተዘጋጀው ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካ ኢትዮጵያውያንን የሚደረድረው በራስ ስማቸው ነው። በ2009 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር የሆኑት ቴድሮስ አድሓኖም ገብረ ኢየሱስም በድርጅቱ ዘንድ የሚጠሩት ዶክተር ቴድሮስ ተብለው ነው።

ከዚህ በመነሣት ትምህርት ቤቶች ሦስት ነገሮችን ቢፈጽሙ ይበጃል። አንደኛ፣ የተማሪው ስም በላቲን ፊደል የሚጻፍበት መንገድ በምዝገባ ጊዜ ከወላጅ ጋር ተወስኖ እስከ መልቀቂያ ፈተና ሳይለወጥ ይዝለቅ፤ በአንድ ፊደል ልዩነት የምስክር ወረቀቱ የሌላ ሰው መስሎ የሚታይበት ተማሪ ድካሙ ከንቱ ሊሆንበት ይችላልና። ሁለተኛ፣ ተናባቢ ስሞች ሳይነጣጠሉ ይጻፉ። ሦስተኛ፣ በእንግሊዝኛ የሚዘጋጁ የታሪክ መጻሕፍት ኢትዮጵያውያንን በራስ ስማቸው ይጥሩ፤ ማውጫቸውም ይህንኑ ይከተል። የእንግሊዝኛው መምህር የባዕዱን ልማድ ሲያስተምር የታሪኩ መምህር የአገሩን ቢያስረዳ፣ ተማሪው ሁለቱንም ዐውቆ የራሱን ስም በትክክል የሚያስጠራ ዜጋ ይሆናል።