ደጋው ሲዘንብ ቆላው ይጠንቀቅ

ቅዳሜና እሑድ በቀረቡ ቍጥር ስለ አየሩ ጠባይ የሚነገረውን ለመስማት እንጓጓለን። የምንጠይቀው ግን በከተማችን ይዘንብ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ይህ ጥያቄ በቂ አለመሆኑን የድሬዳዋ ታሪክ ያስረዳናል።

ከጂቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር እንዳይወጣ ተራራው አስቸጋሪ ስለ ሆነ፣ በ1895 ዓ.ም. ጣቢያው ከግርጌው ተሠራ። ከተማውም በደጫቱ ወንዝ ግራና ቀኝ፣ ከዚራና መጋላ እየተባለ አደገ። ደጫቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነውና ሰው ያለ ሥጋት ይመላለስበታል። ነገር ግን ከተማው 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖረው፣ ከበላዩ ያለው ደጋ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። በዚያ የጣለው ዝናብ፣ ዛፉ በተመነጠረው ቍልቍለት ላይ የሚያግደው ሳያገኝ ፈጥኖ ይወርዳል።

ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ቅዳሜ፣ ለእሑድ አጥቢያ የደረሰውም ይኸው ነው። ሕዝቡ ተኝቶ ሳለ ደጫቱ በድንገት ሞልቶ ቤቱን ከነሰዉ ጠረገ፤ ከ250 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ በሺሕ የሚቈጠሩትም መጠለያ አጡ።

እንግዲህ የባቡሩን መንገድ ያስለወጠው ተራራ፣ ጎርፉን ቍልቍል ሰደደው። ስለዚህ በደረቅ ወንዝ ዳር ለሚኖር ሰው የራሱ ሰማይ መጥራቱ ዋስትና አይሆነውም፤ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው ደጋው መዝነቡን ነው። መልሱም በእኩለ ሌሊት ቢሆን ሳይዘገይ እንዲደርሰው ማድረግ የሁላችንም ግዴታ ነው።