ከመግዛትሽ በፊት፦ የሴቶች ጫማ ዓይነቶች፣ ጥቅማቸውና የቁጥር አለካክ 👠

ቴሌግራም ላይ ያየሽው ጫማ አማረሽ፣ ብር ላክሽ። ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አሶሳ ደረሰ። ስትለኪው ጠበበሽ! ለመመለስ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። እህቶች፣ ይሄ እንዳይደርስባችሁ ዓይነቱንም ቁጥሩንም እንወቅ።

👡 ነጠላ ጫማ እና ሰንደል
ነጠላ ጫማ ተረከዝን አይዝም፣ ሰንደል ግን ከኋላ ማሰሪያ አለው። በአሶሳ የበጋ ሙቀት ሁለቱም እግር ያናፍሳሉ። ብዙ በእግር የምትሄጂ ከሆነ ሰንደሉ ይሻላል። ነጠላ ጫማ እንዳይወልቅ ጣቶችሽ ሲጨብጡት ስለሚውሉ እግር ቶሎ ይደክማል።

🥿 ፍላት
ታኮ የሌለው ሽፍን ጫማ ነው፤ ለቢሮም ለክላስም ይሆናል። ሶሉ በጣም ስስ ከሆነ ግን የኮብልስቶኑ ድንጋይ ሁሉ ይሰማሻል። ስትገዢ አጠፍ አድርገሽ እዪው፦ ጥሩ ጫማ የሚታጠፈው ጣት አካባቢ ነው፤ መሃሉ ላይ ከታጠፈ እግርሽን አይደግፍም።

👟 ስኒከር እና ሸራ
ቀኑን ሙሉ ለምትቆም ወይም ለምትሄድ የሚመቹት እነዚህ ናቸው። ሸራ ቀላልና ለማጠብ የሚመች ነው፣ ዝናብ ግን ያስገባል።

👠 ባለ ታኮ
ቀጭኑ ስቲሌቶ፣ ወፍራሙ ብሎክ፣ ከተረከዝ እስከ መሃል እግር ድፍን የሆነው ደግሞ ዌጅ ይባላል። ታኮ በረዘመ ቁጥር የሰውነት ክብደት ወደ ጣቶች ይሄዳል። ስለዚህ ለዘወትር ከ5 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ጭቃና ኮብልስቶን ላይ ስቲሌቶ ቁርጭምጭሚት ያስወልቃል፤ ብሎክ ወይም ዌጅ ይሻላል። ለምርቃት የገዛሽውን ደግሞ ቀድመሽ ቤት ውስጥ ተለማመጂበት።

ይሄን ታውቂያለሽ? ዌጅ ከእኛ ታሪክ ጋር ይገናኛል። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1935 ኢትዮጵያን ስትወር ማዕቀብ ተጣለባት። ጫማ ሠሪው ሳልቫቶሬ ፌራጋሞ ለታኮ ጫማ የሚሆን ጥሩ ብረት ሲያጣ፣ ቡሽ ደራርቦ የቡሽ ዌጁን ሠራ።

🥾 ኮንጎ እና ቦቲ
የፕላስቲክ ጫማ ስለሆኑ አንዳንዱ ይንቃቸዋል። ክረምት ሲገባ ግን ለገበያና ለእርሻ እነሱን የሚያክል የለም፤ ሙጀሌና እሾህም ይከላከላሉ። ጉዳዩ የጤናም ነው፦ ከእሳተ ገሞራ በተገኘ ቀይ ሸክላማ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለውን የዝሆኔ ዓይነት ያመጣል። በኢትዮጵያ ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው እንዳለበት ይገመታል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ስለዚህ ታማሚን ማግለል ተገቢ አይደለም። መከላከያው ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው። ፕላስቲክ ስለሚያልብ ማታ እግርሽንም ጫማውንም አድርቂ።

📏 ቁጥርሽን እንዲህ ለኪ
1. ማታ ለኪ፤ እግር ቀን ሲውል ትንሽ ያብጣል።
2. ወረቀት ላይ ቁሚ፤ ከተረከዝ ጫፍ እስከ ረጅሙ ጣት ያለውን በሴንቲ ሜትር ለኪ።
3. ሁለቱንም እግር ለክተሽ የሚረዝመውን ያዢ።
4. 1.5 ደምሪበት፣ ከዚያ በ1.5 አባዢው።

ምሳሌ፦ እግርሽ 24 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ሲደመር 25.5፣ ሲባዛ 38.25 ይመጣል። ቁጥርሽ 38 ነው ማለት ነው። አሠራሩ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ሻጩን «የውስጥ ሶሉ ስንት ሴንቲ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ከእግርሽ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር መብለጥ አለበት። መልስ ካልሰጠሽ ብር አትላኪ።

ጫማ ልታዝ ላሰበች እህት ሼር አድርጉላት 🙏